በጀቱ ሳይጸድቅ የተዘጋው ክፍል

«ቆይ ግን ማን ነገረህ?» አልኩት። «ለእኔ ለእናቷ እንኳ የነገረችኝ ትናንት ማታ ነው።»

ጎረቤቴ ከመኪናው ላይ የሕፃን አልጋ እያወረደ በሬ ላይ ይደረድራል። የመጀመሪያውን ሲያወርድ መረቅሁት። ሁለተኛውን ሲያወርድ «እሰይ፣ መንታም ከሆኑ አንቸገርም» አልኩ። ሦስተኛው ሲከተል ግን ምርቃቴ አለቀብኝና ቆሜ ማየት ጀመርኩ።

«ማን ምን ነገረኝ?» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«የልጄን ነዋ። ማርገዟን። ለእሷ አይደል ያመጣኸው?»

«አረገዘች?» አለና አልጋውን መሬት ላይ ተወው። «እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ እንኳ የመጣሁት ይሄን ዕቃ ለጊዜው ሳሎንሽ ውስጥ እንዳስቀምጥ ልለምንሽ ነበር።»

የልጄን ምስጢር፣ ባሏ እንኳ ለእናቱ ሳይነግር፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መርጬ ለእሱ አሳልፌ የሰጠሁት በዚህ ዓይነት ነው። መርጬ ያልኩት በምክንያት ነው። ጎረቤቴን ሠራተኞቹ ከኋላው «ሰበር ዜና» ይሉታል። እኔ ከፊቱ «ሰበር» እለዋለሁ፤ ለምዶታል።

የሚለየን አንድ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ የስፌት ድርጅት አለው፤ ለሆስፒታልና ለሆቴል አንሶላ፣ የትራስ ልብስና መጋረጃ ይሰፋል። ደግ ሰው ነው፣ ሠራተኛ አያንገላታም፣ ደመወዝ አያሳድርም። ሌላም የማያሳድረው ነገር አለ፤ የሰማውን ወሬ። ሬዲዮው ዝናብ አለ ካለ ዣንጥላውን ይዘረጋል፤ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ለእሱ ጊዜ ማባከን ነው። አንድ ጊዜ የወንዙ ድልድይ ሊጠገን ነው ሲባል ሰምቶ፣ አንድ ሙያተኛ ድልድዩ አጠገብ ሳይደርስ፣ ክረምቱን በሙሉ ዙሪያ ጥምጥም ሲነዳ ከርሟል። ድልድዩ እስከ ዛሬ አልተጠገነም፤ እኛም ስንሄድበት አለን።

«ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ጠጋ ስል ፊቱን አየሁት። ግራ ጉንጩ ተላጭቷል፤ ቀኙ እንዳለ ነው።

«ጠዋት ስላጭ ነው የሰማሁት» አለኝ። «የፌዴራል መንግሥት የመጪውን ዓመት ረቂቅ በጀት አቅርቧል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲሉ ከእኛ ይምጣ አሉ። አሠሪ ለሠራተኛው የሚሰጠው ጥቅማ ጥቅም፣ ሰርቪስ መኪና በይው፣ ምሳ በይው፣ የልጆች ማቆያ በይው፣ እስከ ዛሬ እንደ ወጪ ይያዝልን ነበር። ከእንግዲህ እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። እኔም ግብር እከፍልበታለሁ፣ ሠራተኛዋም ትከፍልበታለች።»

«ታወጀ?»

«ቀረበ።»

«የቀረበ ሁሉ ይበላል እንዴ?»

«እህት ዓለም፣ ማቆያዬን የዘጋሁት ለዚህ ነው፤ ብልህ ሰው ጎርፉ ሳይደርስ ዕቃውን ያወጣል።»

«ጎርፉ አሁን የት ደረሰ?»

«ምክር ቤት» አለኝ፣ ልክ ከመንገዱ ጥግ ላይ እንዳለ ሁሉ።

እኔ ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ የበጀት ነገር ሲነሳ ከመሶብ በላይ አላውቅም። ቢሆንም ምክር ቤትና የእኔ ሳሎን የሚራራቁ ይመስለኝ ነበር። የሰው ችግር አይገፋምና አስገባሁለት። አልጋዎቹን ከሶፋው ጀርባ፣ የአሻንጉሊቱን ሳጥን ከቴሌቪዥኑ ሥር አደረግነው። ሲወጣ በዓይኑ ዙሪያውን ቃኘና «አምሮበታል» አለኝ። ሶፋዬ ላይ ለመቀመጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጎን መግባት ነበረብኝ።

አሁን ስለ ቆራጯ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የነካው እሷን ነውና።

ቆራጯ ጓሮ ያለውን ክፍል ከእኔ ተከራይታ የምትኖር የሰበር ሠራተኛ ናት። ጨርቁ ተነጥፎ፣ ተሰምሮ፣ በማሽን ተቆርጦ ወደ ሰፊዎቹ የሚሄደው በእሷ እጅ ነው። እሷ ካልቆረጠች ሰፊዎቹ የሚሰፉት አየር ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱ አንድን ሰው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ሳትመረምር ፈገግ ስለማትል ስፌት ቤቱ «ኦዲተሯ» ብሏታል። አባቷን አትጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። እናትና ልጅ ጠዋት ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ፤ አንዷ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ፣ አንዷ ከአዳራሹ ጫፍ ወዳለችው ማቆያ። የማቆያዋ በር መስታወት ስላለው ቆራጯ ጨርቅ ስታነጥፍ ቀና ካለች ልጇን ታያለች።

ያን ዕለት ከሥራ ሲመለሱ እኔ ዘንድ ጎራ አሉ። ኦዲተሯ ሳሎኔን ከደጃፉ ሆና ገመገመችው። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ በሶፋው ጎን ሾልካ ገባችና ከአልጋዎቹ መሐል አንዱን መርጣ፣ ወጥታ ጋደም አለች። «የኔ» አለች።

«የሷው ነው» አለች እናቷ። «እትዬ፣ ሳሎንዎ በእኛ አልጋ ሞልቷል።»

«ለእኔ ተይው። አንቺ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልጅ ይዤ ማሽን አጠገብ አልቆምም። ሞግዚት ልቅጠር ብል ደመወዜን ለእሷ ሰጥቼ እኔ በነፃ ላገለግል ነው። ጋሼ እስከ ቅዳሜ ፈቃድ ሰጥተውኛል። እህቴ ቅዳሜ መጥታ ትወስዳታለች።»

«እህትሽ ያለችበት አገር የአንድ ቀን መንገድ ነው እኮ።»

«ነው።»

«እስከ መቼ ነው?»

«ሌላ ማቆያ ያለው ሥራ እስካገኝ።»

ይህን ስትነግረኝ ድምጿ አልተሰበረም። ማታውኑ ግን ክፍሏ በር ላይ ሆኜ ሳይ የልጅቱን ልብስ እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች፤ እንደ ሥራዋ ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኘች። አንዲት ቢጫ ሹራብ ሦስት ጊዜ አጥፋ፣ ሦስት ጊዜ ፈታ፣ መጨረሻ ላይ ከሻንጣው ውጭ አስቀረቻት። እኔም አላየሁም ብዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሰበርን በአጥሩ ላይ ጠራሁት። ሙሉ በሙሉ ተላጭቶ ነበር።

«ሐሙስ አዳራሽ ስብሰባ አለ» አለኝ ገና ሳልናገር። «በረቂቁ ላይ ሕዝብ አስተያየት ይስጥ ብለው ጠርተዋል። ሄጄ ልክ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ማቆያዬን ዘጉብኝ ብዬ።»

«ማን ነው የዘጋው?»

«እነሱ ናቸዋ።»

«ቁልፉ ግን አንተ ኪስ ውስጥ ነው።»

ኪሱን ዳሰሰ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ሲነግሩት ይዳስሳል።

«ስማኝ» አልኩት። «ብቻህን ብትቆም ባለሀብት አለቀሰ ይሉሃል፤ ባለሀብት ሲያለቅስ ደግሞ ማንም መሐረብ አያቀብልም። ቆራጯን ይዘሃት ሂድ። አሠሪና ሠራተኛ አብሮ ሲመጣ ይሰማል።»

«ይሰማል?» አለ፤ ነገሩ ጣመው። «ከፊት ወንበር ይሰጡን ይሆን?»

«ሳይሰጡህ ይቀራሉ?» አልኩት። ስለ ወንበር የማውቀው ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት በሰበር መኪና ሄድን፤ እሱ ሱፉን ለብሶ፣ ቆራጯ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ እኔ ደግሞ ኦዲተሯን ታቅፌ። አዳራሹ ሰፊ ነው። ወንበሮቹ አዲስ ከመሆናቸው የተነሳ ፕላስቲካቸው አልተነሳም፤ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። መድረኩ ላይ የምክር ቤቱ የበጀት ቋሚ ኮሚቴ አባላት ተደርድረዋል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀት ያገላብጣሉ። ከፊት ወንበር የሚሰጥ የለም፤ ከኋላ ተቀመጥን። ሰበር በዓይኑ ወቀሰኝ፤ እኔ ልጅቱን ማባበል ጀመርኩ።

አሠሪዎች አንድ በአንድ እየተነሱ ተናገሩ። የዳቦ ፋብሪካ ያለው ሰው ለሠራተኛ የሚያቀርበው ምሳ እንደ ደመወዝ ከተቆጠረ እጁን እንደሚያጥፍ ተናገረ። «ምሳችን ሥጋ የማይለየው ነው» ሲል ከኋላው የተቀመጠ የገዛ ሠራተኛው ክፉኛ ሳለ። ውሃ ሰጡት። ሌላው የሰርቪስ አውቶቡሶቹን ሊሸጥ እንደሆነ ገለጸ፤ ከጎኑ የነበረው ሰው ወዲያው ሞዴላቸውን ጠየቀው።

የእኛ ሰው ተራ ደረሰ። ማይክራፎኑን ተቀብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተከበሩ ሰብሳቢ» አለ። «እኔ የልጆች ማቆያ ያለኝ ሰው ነኝ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በራሴ ገንዘብ፣ እናቶች ልባቸው ሳይከፈል እንዲሠሩ ብዬ የከፈትኩት ነው። ይህ ረቂቅ ያን ማቆያ ይዘጋዋል።»

ጥሩ ተናገረ። ሰውም ራሱን ነቀነቀ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«በጣም ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። «ልንጎበኘው ብንፈልግ ይቻላል?»

ሰበር «አሁን ለጊዜው ዝግ ነው» አለ።

«ለምን ተዘጋ?»

«በበጀቱ ምክንያት።»

«በየትኛው በጀት?»

«በዚህ በቀረበው።»

«መቼ ነው የዘጉት?»

«ዜናው በተነገረ ዕለት። እኩለ ቀን ላይ።»

ሰብሳቢዋ ከግራ ከቀኝ ያሉትን ባልደረቦቻቸውን አዩ። «እኛ እንኳ ገና አንብበን አልጨረስነውም» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ብዙ ነበር። ሰበር ማይክራፎኑን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት ይዞ ቀረ። ቆራጯ እጇን ዘርግታ ወሰደችለትና ተነሳች።

«እኔ የእሳቸው ሠራተኛ ነኝ፤ ጨርቅ ቆራጭ» አለች። «እኛ ዘንድ ጨርቅ ተደራርቦ ይነጠፋል፣ ከላይ በጠመኔ ይሰመራል። ካሰመርኩ በኋላ ማሽኑን ከማስነሳቴ በፊት ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ እዞረዋለሁ። መስመሩ ተሳስቶ እንደሆነ በመዳፌ ጠርጌ አጠፋዋለሁ። ማሽኑ ከገባ በኋላ ግን የሚሄደው ንብርብሩ በሙሉ ነው፤ መልሶ የሚገጥመው የለም። እናንተ አሁን ጠመኔው ላይ ናችሁ። ዛሬ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ያሰመራችሁበት ቦታ ላይ የልጄ ማቆያ አለ፣ የእኔም ሥራ አለ። ቅዳሜ ልጄ ከእኔ ተለይታ ወደ እህቴ ትሄዳለች። ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዙሩት።»

«አሠሪዎስ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«አሠሪዬማ ጠመኔውን እንዳዩ ቆረጡ።»

አሁን ሰበር ራሱ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ሰብሳቢዋ አልሳቁም። የሆነ ነገር ጻፉና «አመሰግናለሁ፣ ሐሳቡ ተይዟል። ቀጣይ» አሉ። ይኸው ነው። ጭብጨባም አልነበረም፤ ቀጣዩ ሰው ተነስቶ ስለ ጡረታ መዋጮ መናገር ጀመረ። ኦዲተሯ ጭኔ ላይ ሆና ሰብሳቢዋን ለረጅም ጊዜ መረመረቻቸው። ፈገግ ግን አላለችም።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አንድ ወፍራም ሰው ተከተለን። የደንብ ልብስ የሚያሰፋ ፋብሪካ እንዳለው በስብሰባው ላይ ሲናገር ሰምተነዋል። በሰበር በኩል ሳያይ ወደ ቆራጯ ሄደ።

«እህቴ፣ የእኔ ማቆያ እንደተከፈተ ነው» አላት።

«ዜና አልሰሙም?» አለችው።

«ዜና አልወድም። ጸድቆ ደብዳቤ ሲመጣ ያኔ አዝናለሁ። ሰኞ መጥተሽ ብታይው?»

«አስቤ እነግርዎታለሁ።»

ስልክ ቁጥሩን ሰጣትና ሄደ። ሰበር የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ የነበረውን ፊት ባየሁ ጊዜ ልቀልድበት የነበረውን ዋጥኩት፤ እኔ ደግሞ ቀልድ መዋጥ አልወድም።

መኪና ውስጥ ገባን። ሬዲዮው ገና «ዓበይት ዜናዎች» ከማለቱ ሰበር እጁን ሰዶ አጠፋው። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አደባባዩን አለፍን፣ ያን ያልተጠገነ ድልድይም ተሻገርን።

«እውነት ትሄጃለሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«እኔ የምሠራው ልጄ ያለችበት ነው» አለች ቆራጯ።

«ስንት ዓመት አብረን ሠርተን።»

«ለዚህ እኮ ነው ለሰውየው ወዲያው እሺ ያላልኩት።»

ትንሽ ነዳ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

«ክፉ አልወጣኝም፣ ጋሼ። ይቸኩላሉ ነው ያልኩት።»

«እሱንም ለሕዝብ ነው የተናገርሽው።»

«መጀመሪያ የተናገሩት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ጨርቁን ነው የጨመርኩበት።»

እኔ ከኋላ ሆኜ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሳቅ አየር ይፈልጋል።

ሰበር ግን የነጋዴ ልጅ ነው፤ ሳይደራደር አይወድቅም። «እሺ» አለ። «ነገ ብከፍተውና በጀቱ ቢጸድቅ፣ የሚመጣውን ግብር እኩል ብንካፈልስ? አንቺም፣ ሌሎቹም እናቶች።»

«ሲጸድቅ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አለች። «እኔም የድርሻዬን አልሸሽም። ያልመጣ ዕዳ ግን ከአሁኑ አልሸከምም።»

«ለሰውየው ግን ደውለሽ ትነግሪዋለሽ?»

«ነገ አልጋዎቹ ሲገቡ በዓይኔ ካየሁ እደውላለሁ።»

ሰበር ከሬዲዮው ይልቅ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ ነዳ።

ዓርብ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ተንኳኳ። ሰበር ነው፤ ከኋላው ሰፊዎቹ፣ ማቆያው ሲዘጋ ማሸጊያ ክፍል ተዛውራ የነበረችው ሞግዚትና ሌሎቹ እናቶች ተሰልፈዋል።

«አሰብኩበት» አለኝ፣ ሐሳቡ ሌሊቱን ከራሱ አናት የወጣ ይመስል። «ማቆያ የሌለው ድርጅት ሰው አይይዝም። ሠራተኛ ከሄደ በጀቱ ለማን ነው የሚወጣው?»

«እንዴት ያለ ሐሳብ ነው» አልኩት። «ከየት አመጣኸው?»

«ተይኝ በቃ» አለኝና ጎንበስ ብሎ የአሻንጉሊቱን ሳጥን አነሳ።

ልጄ በዚያው ጠዋት ልትጠይቀኝ መጥታ ኖሮ በሩ ላይ ከአልጋዎቹ ጋር ተገጣጠመች። ሰፊዎቹ በሙሉ አንድ በአንድ እያቀፉ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ወደ ሰበር አየሁ፤ እሱ ወደ ሳጥኑ።

«አንዱ አልጋ ለእኔ ቢቀርስ?» አልኩት ነገሩን ለማስቀየር።

«ለልጅሽማ አዲስ ነው የማሠራው፤ ከነአንሶላው። እነዚህ ባለቤት አላቸው።»

የአንዱ ባለቤት ኦዲተሯማ ከነጫማዋ ተኝታበት ነበር። አልወርድ ስላለች ሁለት ሰፊዎች ከነአልጋዋ አንስተው በአጥሩ በር አሻገሯት። እንደ ንግሥት አለፈች፤ ዛሬም ፈገግ አላለችም። ቆራጯ ከኋላ ስልኳን ይዛ ትከተላለች። ለደንብ ልብሱ ሰውዬ አመስግና ዘግታ፣ አሁን ለእህቷ ደውላ ነው።

«አትምጪ አላልኩም» ትላለች። «ነይ፣ ናፍቀሽኛል። ሻንጣ ብቻ እንዳትይዢ።»

ስልኩን ዘጋችና ፊቷን በእጅጌዋ ጠረግ አደረገች። አቧራ ነው ብላኛለች፤ አልጋዎቹ ሳሎኔ ውስጥ ነበሩና በአቧራው ቅር አለኝ።

ረፋድ ላይ ክፍሉ እንደነበረ ሆነ። ምንጣፉ ተነጠፈ፣ መጋረጃው ተሰቀለ፣ አልጋዎቹ በየቦታቸው ገቡ። ቆራጯ የመጨረሻውን አልጋ እግር ተንበርክካ ታጠብቃለች። ሰበር ብሎኖቹን በመዳፉ ይዞ አጠገቧ ቆሟል፤ አንዴ ክፍሉን፣ አንዴ በመስታወቱ ወዲያ ጨርቁ ተነጥፎ የሚጠብቀውን ጠረጴዛ ያያል። ደስ ብሎታል፤ ደስታ ደግሞ ለእሱ እንደ ጠባብ ጫማ ነው፣ ብዙ አይቆምበትም።

«እኔ የምለው» አላት። «ይሄን ሁሉ መልሰን ተክለን፣ በሚመጣው ሳምንት በጀቱ እንደቀረበ ቢጸድቅስ?»

ቆራጯ ቀና ሳትል እጇን ዘረጋችለት።

«ለመዝጋት ግማሽ ቀን እንደሚበቃዎት አይተናል፣ ጋሼ። ብሎኑን ያቀብሉኝ።»